በቀይ የሸፈንኩት የወንድሜ ፊት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የደረቀ ልብስ ሰብስቤ ከጓሮ ስገባ፣ ከባኞ ቤታችን አንድ ሽታ መጥቶ እግሬን አቆመው። ኮምጣጤ ይመስላል፣ ኮምጣጤ አይደለም። የዛገ ብረት ይመስላል፣ ዝገትም አይደለም። እኔ እንግዲህ በቆሼ በኩል ነፋስ ሲነሳ የሚመጣውን ሽታ ሁሉ በየስሙ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ይሄ ግን ከውጭ የመጣ አልነበረም። ከገዛ ቤቴ ነው የመጣው። ከገዛ ቤቴም አይደለም፣ ከልጅነቴ ነው የመጣው። የጋሽ ሸምሱ ፎቶ ቤት፣ የጨለማው ክፍል ሽታ! ጋሽ ሸምሱ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ ፎቶ ቤታቸው ፈርሶ ፎቅ ከበቀለበት ስንት ዓመቱ! ልብሱን እንዳቀፍኩ አማተብኩ። የሞተ ሰው ቤቴ ገብቶ ሥራውን የጀመረ ነው የመሰለኝ።

"ብሌን! ምን እያደረግሽ ነው እዛ ውስጥ?"

"ፊልም እያጠብኩ ነው እማማ! እንዳይከፍቱት፣ በእግዚአብሔር!"

ብሌን የልጄ ልጅ ናት። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ተምራ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። አንቱ እያለች ነው የምታናግረኝ፣ ስትደነግጥ ግን አንቱው ይጠፋባትና አንቺ ትለኛለች፤ በዚህ ነው የእውነት መደንገጧን የማውቀው። ስልኳ ሺህ ፎቶ እያነሳ፣ እሷ ግን ከሆነ ሰው አሮጌ ካሜራ ገዝታ እንደኛ ዘመን በፊልም ካላነሳሁ ብላለች። ከባኞ ቤት ስትወጣ እርጥቡን ፊልም በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ከነጠላዬ ጎን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው። እኔም እሱኑ ሳይ፣ እጄ ሳላዘው ተነስቶ ታችኛው ጫፍ ላይ ሌላ መቆንጠጫ ጨመረበት፤ ፊልም ሲደርቅ እንዳይጠቀለል ታች ክብደት ይፈልጋል። ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችኝ። ፎቶ ቤት መሥራቴን እንደ ተረት ነበር የምትሰማው መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው ባለፈው ሳምንት ያነሳቻቸውን፣ ወረቀት ላይ የታተሙትን ያመጣችልኝ። ምን ልበላችሁ። ግቢያችን ነው። ቆርቆሮው፣ ሮቶው፣ የተሰበረው በር፣ ሁሉም የኛ ነው። ዛፉ ግን ነጭ ነው! ከአጥሩ ወዲያ ያለው ባሕር ዛፍ ከሥር እስከ ጫፉ ጥጥ የተነደፈበት መስሎ ነጭ፣ ሣሩ ነጭ፣ ሰማዩ ደግሞ እንደ ሬንጅ ጥቁር። ፀሐይ ግን አለች፤ ጥላ ጥሏል። ቀትር ላይ የጨለመ ሰማይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ ነው ያስቀመጥኩት። ጎረቤቴ ሉባባ ደግሞ እሷም በዚያው ፎቶ ውስጥ ዘንቢል ይዛ ስታልፍ ተነስታ ኖሮ፣ ከአጥር ወዲያ ጠርተን ስናሳያት ጮኸች።

"ያ ረቢ! ይሄ ኮልፌ ነው ወይስ ቂያማ ቆሟል? እኔንስ ምን አርገሽኝ ነው እንዲህ የነጣሁት? ልጆቼ ቢያዩት አጥበው ይገንዙኛል እኮ!"

"እትዬ ሉባባ፣ ፊልሙ ነው" ትላለች ብሌን እየሳቀች። "ይሄ ፊልም ቀይን ያያል። እንደውም ከቀይ ወዲያ ያለ፣ የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን አለ፤ ከሱም ትንሽ ያያል። ካሜራው አፍ ላይ ደግሞ ጥቁር የሚመስል ቀይ መስታወት እገጥማለሁ፤ ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም እሱ ያስቀረዋል። ቅጠል ያንን ብርሃን መልሶ ስለሚወረውር ይነጣል፤ ሰማይ ስለሌለው ይጠቁራል።"

ሉባባ "ሰማይ የሌለው ነገር የለም፣ አስተግፍሪ" ብላ ሄደች። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሰማዩ አልነበረም። ያቺ አንዲት ቃል ናት ደረቴ ላይ የቀረችው። ቀይን ያያል። እንዴት ነው ፊልም ቀይን የሚያየው? እኔ የማውቀው ሥራ ላይ፣ ቀይ ማለት ጨለማ ማለት ነው።

ይሄ እንዲገባችሁ ጋሽ ሸምሱን ልንገራችሁ። ፎቶ ቤታቸው ከኮልፌ ገበያ ወደ ጦር ኃይሎች ሲወርዱ፣ ውይይት ታክሲ የሚቆምበት ፌርማታ ፊት ለፊት ነበር። ውይይት ያልኩት ያቺን ከኋላዋ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባትን ነው፤ ስሙኒ ከፍለህ እስክትወርድ የሰው ጉድ ሁሉ ትሰማለህ። ሦስት ጉርድ ፎቶ ሁለት ብር ነበር። የመስኮቱ መስታወት ላይ ያማረ ያማረው ሰው ፎቶ ተደርድሮ፣ ሴቱ ጃፖኒ ቀሚስ ለብሶ፣ ወንዱ አፍሮውን አበጥሮ፣ የሱሪው ታች ጎዳናውን እየጠረገ። ሬዲዮናቸው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ከፎቶ ተነሺው ጀምሮ እስከ ሊስትሮው አብሮ ያንጎራጉራል። ውስጡ አንድ ትልቅ የሥዕል መጋረጃ ነበር። ሐይቅ አለው፣ ሐይቁ ላይ ዳክዬ፣ ከዳክዬው በላይ አውሮፕላን። አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቀው የኮልፌ ሰው ሁሉ ከአውሮፕላን ሥር ቆሞ ነው የተነሳው። የፕላስቲክ አበባ፣ ሽቦው የትም የማይደርስ ስልክ፣ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት ከነክራቫቱ። ኮቱ ለሁሉም አንድ ነው። ለቀጭኑ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል፤ ከፊት ሲያዩት ሙሽራ፣ ከኋላ ሲያዩት ጃርት።

እኔ ከአገር ቤት ከጉራጌ ከእናቴና ከወንድሜ ጋር መጥቼ፣ እዛ ፎቶ ቤት በወለል ጠራጊነት ነው የገባሁት። ከወለሉ ወደ እጥበቱ አለፍኩ። እጥበት ማለት ልብስ አይደለም፤ ፎቶው ከመድኃኒቱ ሲወጣ በውኃ መለቅለቅና መስቀል ነው። ፊደልም እዚያው ነው የለየሁት፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ከፎቶው ጀርባ ስም ይጻፋል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ስሙን ይናገራል፣ እኔ ፊቱንና ጽሑፉን አስተያያለሁ። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ፊደል አስተማረኝ ብል ይቀለኛል። ጋሽ ሸምሱ ኋላ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ሲያዩ ሪታች አስተማሩኝ። ሪታች ማለት ለሰውየው የሌለውን መልክ መስጠት ነው። ጉድፍ ካለበት በቀጭን ቡርሽ ትደፍናለህ፣ ጥቁር ነጥብ ካለበት በምላጭ ጫፍ ትፍቃለህ፣ ለሙሽሮች ከንፈርና ጉንጭ ቀይ ቀለም ትቀባለህ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከተነሳም ዓይን ትከፍትለታለህ፤ በሽፋሽፍቱ ላይ ሁለት ነጥብ፣ ዳርና ዳሩን ነጣ ማድረግ። "ዓይኑን የጨፈነ ፎቶ ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ሟርት ነው" ይሉ ነበር ጋሽ ሸምሱ። በዚህ እጄ ስንት ዓይን ከፍቻለሁ መሰላችሁ።

የጨለማው ክፍል ደግሞ ከበሩ በስተግራ ማብሪያ አለው፤ አምፖሉ ቀይ ነው። ሌላ መብራት አይበራም። የፎቶው ወረቀት ቀይን ስለማያይ፣ በቀይ ብርሃን ብንሠራ ለሱ ጨለማ ነው፤ እኛ እናየዋለን፣ እሱ አያየንም። "ቀይ የኛ መጋረጃ ነው" ብለውኛል። ፊልሙ ሲሆን እሱንም ያጠፉታል፣ በዳበሳ ነው የሚሠራው። እኔ ቀይን መሸፈኛ ነው ብዬ የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። ወይ ነዶ።

ወንድሜ ይርጋ ይባላል። ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። እሱ ተምሯል፤ ማታ ማታ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ፣ ቀን ቀን ደግሞ እናቴን ቡታጅራ መስመር ለሚነግዱ ሰዎች እቃ ስትሸክፍ ይረዳታል። እናታችንን አዶት ነበር የምንላት፣ እናት ማለት ነው በኛ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ጊዜ አዶት በጣም ደስ አላትና "ፎቶ እንነሳለን" አለች። እሷ ተነስታ አታውቅም። እኔም ከነሱ ጋር እንድገባ ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን የመብራቱ መቆሚያ በዚያ ሳምንት ተሰብሮ፣ መብራቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያዝኩ። እና ፎቶው ውስጥ እናቴና ይርጋ አሉ፣ እኔ የለሁም። አዶት ተቀምጣለች፤ እሱ ያንን የጃርት ኮት ለብሶ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሐይቁም አውሮፕላኑም አለ። እኔ ያለሁት በብርሃኑ ነው።

ከዚያ ቀን ከፋ። ለምን እንደከፋ የተማሩት ይጻፉት። እኔ የማውቀው፣ ቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። አልጋ ይገለበጣል፣ ሣጥን ይከፈታል፣ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ እየተነካ "ይሄ ማነው? አሁን የት ነው?" ይባላል። ይርጋ አንድ ቀን ጠዋት ሹራቡን ደርቦ "አመሻሽ ላይ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ፤ አልመጣም። በነጋታውም። በሳምንቱ የማናውቀው ሰው ፌርማታው ላይ አዶትን አልፏት ሲሄድ "ልጅሽ ደህና ነው፣ ፎቶውን ግን ቤት አታስቀምጪ" ብሏት ሄደ። እሷ ይሄን ይዛ ፎቶ ቤት ድረስ መጣች። ፎቶውን ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

"ፋቂው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ፊቱን። ምላጩ ያለው አንቺ እጅ ነው።"

"አዶት፣ እናቃጥለው አይሻልም?"

"ልጄን አላቃጥልም። አካሉ ይቆይልኝ፣ እጁ ትከሻዬ ላይ ይቆይልኝ። ፊቱን ፋቂው፣ ፊቱን ሲያጡ ይተዉታል።"

ወደ ጨለማው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ማንም ሳያንኳኳ የማይገባበት ቤት ያ ብቻ ነው። ቀዩን አበራሁ፤ የመድኃኒቱ ሳህኖች ላይ የፎቶ ወረቀት ስላለ ሌላ መብራት አይቻልም። ምላጩን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። አነሳሁ። የተፋቀ ፊት አይመለስም፤ ይሄን ከኔ በላይ ማን ያውቃል። ምላጩን ትቼ የሙሽሮቹን ቀይ ቀለም ከፈትኩ። ቀይ መጋረጃ ነው ተብያለሁ። ቀባሁት። ፊቱ እንዳለ ነው። ደገምኩት፣ እንዳለ ነው። ሌላ ጊዜ ከንፈር ስቀባ ከጨለማው ክፍል ውጭ በቀን ብርሃን ነበርና ይሄ ገጥሞኝ አያውቅም። ቀለሙ ውኃ ሆኖ ነው ብዬ አወፈርኩት። አሁንም ይርጋ ቁልጭ ብሎ አለ፣ በዚያ ትልቅ ዓይኑ ያየኛል። እንዲያ ነበር የማስታውሰው፣ ያየኛል። "በቃህ ይርጋ፣ ሂድልኝ" ብዬው አለቀስኩ። ብልቃጡ እስኪያልቅ ደራረብኩበት፤ እሱ አልሄደም። አልሸፈን አለ፣ ተረታሁ ብዬ በሩን ከፍቼ ወደ ብርሃን ስወጣ ግን፣ ከአንገት በላይ ያለው ሁሉ እንደ ረጋ ደም ሆኗል። ወፍራም ነው፣ ላዩ እንደ ዝንብ ጀርባ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፣ ምንም አይታይም። ፊት የነበረው ጉበት ሆኗል። ውስጥ ሆኜ ያየሁትን ፍርሃቴ ያሳየኝ ነው ብዬ ተውኩት። ጋሽ ሸምሱ አይተው፣ "ቀለም ጨረስሽ" ብቻ ነው ያሉት። በማግሥቱ አዲስ ብልቃጥ ገዝተው አስቀመጡ።

ፈታሾቹ መጡ፣ ፎቶውን አዩ፣ "ይሄ ምንድነው?" አሉ። አዶት "ቀለም ፈሶበት ነው፣ ይቺ ሰነፍ ልጄ ናት ያፈሰሰችው" አለች። ሄዱ። ይርጋም አልመጣም። ወሬ እንኳ አልመጣም። አዶት ከል አልለበሰችም፣ ሞቷል ያላት የለማ። ሌላ ፎቶ የለውም፤ ነጌቲቩንም ጋሽ ሸምሱ በዚያው ሰሞን ከብዙ ሰው ነጌቲቭ ጋር አቃጥለውታል፣ ለሁላችንም ብለው።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖራለች። ፎቶው ከማርያም ሥዕል ጀርባ ነበር የሚቀመጠው። ታወጣውና ቀዩ ላይ ጣቷን ታደርጋለች፤ "እዚህ ጋ ነው" ትላለች፣ እንደ ጠፋ በር። አንድ ቀን "ዓይኑ እንዴት ነበር? ጠፋብኝ" አለችኝ። "ትልቅ ነበር አዶት፣ እንዳንቺ። ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው" አልኳት። አንድ ጊዜም ጥጥ በውኃ ነክሬ ላነሳው ሞከርኩ፤ በጆሮው ጫፍ በኩል ወረቀቱ ራሱ ተላጠ። ደንግጬ ተውኩት። እሷ ካረፈች በኋላም ጦር ኃይሎች አንድ ፎቶ ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። የሚሠራው ልጅ በኮምፒውተሩ አገላብጦ፣ "እማማ፣ ይሄ እኮ ፊት የለውም፤ ሌላ ፎቶ የለዎትም?" አለኝ። ቢኖረኝማ ምን አመጣኝ ልጄ። የኔ ፍርሃት ግን ሌላ ነበር፤ ለማንም ያልነገርኩት። የይርጋ መልክ ከኔም ጠፍቷል። ኮቱን አስታውሳለሁ፣ ሹራቡን አስታውሳለሁ፣ ፊቱን ስፈልግ ያ ቀይ ነገር ነው የሚመጣብኝ። እኔ ደግሞ እሱን ከሚያውቁት የቀረሁት የመጨረሻዋ ነኝ።

እንግዲህ ለዚህ ነው ብሌን "ቀይን ያያል" ስትል የደነገጥኩት። ጓዳ ገብቼ ፎቶውን አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

"ይሄንን ያያል?"

ብሌን የአያቷን እናት ታውቃለች፣ ቀዩን ምልክትም ከሕፃንነቷ ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም። ነገርኳት። ቀለሙን በጥፍሯ ሳትነካ፣ እንዲሁ አቀርቅራ አየችው።

"ሌላ ቀለም አልጨመሩበትም? ቀይ ብቻ ነው?"

"የሙሽራ ቀይ።"

"እማማ፣ እንደዚያ ከሆነ ለዚህ ፊልም ቀይ ማለት ነጭ ወረቀት ማለት ነው። ቀለሙ አይታየውም።" ከዚያ ፈራች መሰል፣ "ምናልባት ነው ያልኩት፤ ቀለሙ ወረቀቱን በልቶት ከሆነ ግን ከሥሩ ምንም የለም" አለች።

እሑድ ቀትር ላይ ፎቶውን ግቢ አውጥተን፣ ግድግዳ ተደግፎ በቆመ ጣውላ ላይ አስቀመጥነው። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆመ። ያ መስታወቷ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ካልሆነ ምንም አያሳልፍም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ መስታወቱ ታስተካክልና በኋላ ትገጥመዋለች። ከዚያ ቁልፉን ትጫናለች፣ እየቆጠረች ትጠብቃለች።

"እማማ ትንፋሽዎን ይያዙ።"

"እኔ ነኝ እንዴ የምነሳው?"

"ጥላዎ እየተወዛወዘ ፎቶው ላይ ይወድቃል!"

ሉባባ ከአጥር ወዲያ "እኔ እንዳልነጣ ልሂድ ወይ?" ትላለች። ፊቱን ብቻ፣ ከዚያ እሱንና አዶትን አንድ ላይ፣ አሥር ጊዜ አነሳችው። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ትንፋሽ የወሰድኩ የመሰለኝ።

ማጠቡ ደግሞ ባኞ ቤት ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ፣ የበሩን ሥር በፎጣ ደፈንን፤ በቀን ጨለማ ሠራን። ፊልሙ ጠምዛዛ መንኮራኩር ላይ በዳበሳ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ይከደናል። ብሌን ስትታገል ሰማኋት፤ ፊልሙ ይንቋቋል፣ እሷ ትነጫነጫለች። "ጠመመብኝ እማማ፣ ሊበላሽ ነው።" "አምጪው" አልኳት። እጄ ቁርጥማት አለበት፣ መርፌ መሰካት ካቃተኝ ቆይቷል። ጨለማ ውስጥ ግን ያቺ የፎቶ ቤቷ ልጅ እጅ መጣልኝ። ጠርዙን በሁለት አውራ ጣት ጎበጥ አድርጌ ገፋሁት፤ ገባ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ አለቀ። በደስታ ይሁን በልማድ እንጃ፣ እጄ ደግሞ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ግራ ሄደ። ግድግዳውን ዳበስኩ።

"ምንድነው የሚንኳኳው? እማማ! ምን እየነካሽ ነው አንቺ!"

"ቀዩን ላብራ ብዬ።"

"ምን ቀይ? ቀይ የለም! ይሄ ፊልም ቀይን ያያል አልኩሽ እኮ፣ ሁሉም ይቃጠልብናል!"

የእኛ ባኞ ቤት ማብሪያ በስተቀኝ መሆኑ አዳነን። ግራ ቢሆን ኖሮ ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ አጠፋው ነበር። ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጣሳው እስኪከደን እጆቼን ከታፋዬ ሥር አድርጌ ነው የጠበቅኩት፣ ስለማላምናቸው።

መድኃኒቱ ገባ፣ ወጣ፣ ውኃው ፈሰሰ። ብርድ ልብሱን አነሳንና ፊልሙን አወጣችው። እሷ ስልኳን ልታመጣ ሮጠች፤ ነጌቲቭ ማንበብ አትችልም፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር የሆነውን ስልኩ እንዲመልስላት ነው። እኔ ግን እችላለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሰውን ያየሁት በነጌቲቭ ነበር። ማጉያ መስታወቴን ይዤ ወደ መስኮቱ አነሳሁት።

ሁለት ፊት አለ። ሁለት!

አዶት አለች፣ አጠገቧ ደግሞ ፊት አለ፤ ጉንጭ፣ አፍ፣ ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ። በልቤ የነበረው ይርጋ ጆሮው እንዲህ አልነበረም። ጥርሱም ፍንጭት አልነበረም። በልቤ ሪታች አድርጌው ኖሯል፣ ሳላውቅ። ከዚያ ዓይን ፈለግኩ፤ የዚህ ሥራ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ዓይን ነው። ነጌቲቭ ላይ የተከፈተ ዓይን ሁለት ነጭ ነጥብ ይሆናል። አዶት ላይ ሁለት ነጥብ አለ። እሱ ላይ የለም። አገላበጥኩት፣ ሌላውን አየሁ፣ አሥሩንም አየሁ። የለም። ይርጋ ጨፍኗል።

ብሌን ስልኳን ይዛ ስትመለስ ገና ሳትናገር "ጨፍኗል" አልኳት። ስልኩ ገለበጠው፤ ብቅ አለ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ እየሳቀ። ያኔ ነው ሁሉም የመጣልኝ። መብራቱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሸምሱ "ቀጥ አድርጊው" ሲሉኝ ልጅነት ሆኖብኝ ፊቱ ላይ ደቀንኩበት። ሳቀ፣ ጨፈነ፣ ካሜራው ጠቅ አለ። ጋሽ ሸምሱ "ዓይኑን ትክፈትለት" ሲሉ፣ ይርጋ "አይሆንም ጋሼ፣ ያስጨፈነችኝ እሷ ናት፤ እንደጨፈንኩ ይቆይ፣ ምስክር ይሁንባት" አለ። ይሄንን ረስቼ፣ "ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው" ብዬ እናቴን ሸኘኋት።

"እማማ፣ ከፈለጉ በኮምፒውተር ዓይኑን እከፍትልዎታለሁ" አለች ብሌን ቀስ ብላ።

"ተዪው።"

ልጅቷ አንድ ነገር አሰበች መሰለኝ፣ ዓይኗ በራ። "ቆይ እስኪ፤ በቀይ መብራት ነበር የቀቡት ያሉኝ?" አለች። ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ መለሰችው፤ ባኞ ቤቱ ጨለመ። ስልኳ ላይ ምን እንዳደረገች እንጃ፣ መስታወቱ ሙሉ ለሙሉ ቀይ ሆነ፤ እንደ ጋሽ ሸምሱ አምፖል ክፍሉን አቀላው። ከዚያ አሮጌውን ፎቶ፣ ያንን የገዛ እጄን ሥራ፣ ከሥሩ አደረገችው።

የረጋው ደም ተነነ። ቀለም የለም። ይርጋ እዚያው፣ ወረቀቱ ላይ፣ እንዳለ አለ።

"እማማ! ፊልሙም አያስፈልግም ነበር እኮ! ቀይ በቀይ ብርሃን አይታይም፤ ለዚህ ነው ያኔ ስትቀቢው አልጠፋ ያለሽ! ፈርተሽ አልነበረም! እውነትሽን ነው፣ ታይቶሽ ነበር!"

ልጅቷ በደስታ ትዘላለች። እኔ ባኞው ጠርዝ ላይ ነኝ። አንድ ቀይ አምፖል። ጋሽ ሸምሱ ፎቶ ቤቱን ሲዘጉ "ማስታወሻ ይሁንሽ" ብለው ሊሰጡኝ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ ለልጆች መጫወቻ የሰጠሁት። እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ከማርያም ሥዕል ጀርባ እያወጣች ጣቷን ያሳረፈችበት፣ "እዚህ ጋ ነው" ያለችው፣ እውነትም እዚህ ጋ ነበር። ከጣቷ ሥር። በአንድ ቀይ አምፖል ታየው ነበር። እኔ ደግሞ በዓይኔ አይቼ፣ ፍርሃቴ ነው ብዬ ደበቅኩባት።

ብሌን እሷ ልታይ ይሁን እኔን ልታሳየኝ፣ ስልኩን ወደ ፎቶው ይበልጥ አስጠጋችው። ቀዩ ብርሃን ቀጥ ብሎ ፊቱ ላይ አረፈ። እሱ ያንኑ ሳቁን እየሳቀ፣ ያንኑ ዓይኑን ጨፍኖ።

"መብራቱን ዝቅ አድርጊው" አልኳት። "ዓይኑን ወጋው።"